ለነገ ያደረው አንቀጽ፦ ከፕሪቶሪያ እስከ ሊማሊሞ

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. አምባሳደር ሬድዋን ሁሴን የፌዴራል መንግሥቱን፣ አቶ ጌታቸው ረዳ ሕወሓትን ወክለው ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈራረሙ፣ ከጎንደር ወደ ሰሜን ለሚኖረው ደገኛ የተኩስ ማቆም ትርጉሙ ግልጽ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ተከዜን ተሻግረው በአዲ አርቃይና በዛሪማ በኩል ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ገፍተው ነበር። ዳባት ወረዳ ጭና ተክለሃይማኖት በምትባለው ቀበሌ ከመቶ በላይ ሲቪሎች ተገደሉ፤ ሬሳቸው በየማሳውና በየጓሮው ነበር የተገኘው። ጦርነቱ ቆመ መባሉ ለዚህ አገር እፎይታ ነው። ወረቀቱ ሲነበብ ግን አንድ አንቀጽ ላይ ዓይን ይቆማል።

አንቀጽ 10 ንዑስ አንቀጽ 4። ተፈራራሚዎቹ «የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸውን አካባቢዎች» ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንደሚፈቱ ይናገራል። የቦታ ስም የለበትም፤ ወልቃይት፣ ጠገዴ፣ ጠለምት፣ ራያ የሚል ቃል አይገኝበትም። መቐለ ላይ ሲነበብ «መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የትግራይ ነው፣ ይመለሳል» ማለት ሆነ። ጎንደር ላይ ሲነበብ «ጥያቄው ገና አልተፈታም፣ ይጠናል» ማለት ሆነ። አደራዳሪዎቹ ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ፣ ኡሁሩ ኬንያታና ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ መድፍ ለማስቆም ተጣድፈው ነበርና ይህን ለነገ አሳደሩት። ያንን ጥድፊያ ለመንቀፍ ይከብዳል፤ በዚያ ሁለት ዓመት የሞተው ሰው ብዛት ለማንም የማይታመን ነው። ሆኖም ያደረው ጥያቄ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሌላ ጦርነት ለመውለድ ድርሻ ነበረው።

ወልቃይት ከ1983 ዓ.ም. በፊት በጎንደር ክፍለ ሀገር ሥር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በአዲሱ አከላለል ወደ ትግራይ ተካለለ። የአማራ ማንነት ጥያቄ ኮሚቴው ለዓመታት ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ከመሪዎቹ አንዱን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ ኃይል ወደ ጎንደር ቤታቸው መጣ፤ ተኩስ ተከፈተ፣ ሰው ሞተ። ሐምሌ 24 ቀን የጎንደር ሕዝብ በገፍ ሰልፍ ወጣ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ የአማራ ልዩ ኃይልና ሚሊሻ ከመከላከያ ጋር ሆነው አካባቢውን ያዙ። በማይካድራ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ በአንድ ሌሊት ተጨፈጨፉ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የትግራይ ተወላጆች ከዚያው ምድር ተፈናቀሉ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ ሪፖርት የተፈጸመውን የዘር ማጽዳት ብለውታል። አንዱን ግፍ ጠርቶ ሌላውን የሚዘል ክርክር ለማንኛውም ስምምነት አይጠቅምም።

ሕገ መንግሥቱስ ምን ይላል? አንቀጽ 48 የክልሎች የወሰን ክርክር በስምምነት ካልተፈታ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ «የሕዝብ አሰፋፈርንና ፍላጎትን» መሠረት አድርጎ ይወስን ይላል። ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። የየትኛው ዓመት አሰፋፈር? የ1983ቱ፣ የ2012ቱ ወይስ የዛሬው? ሑመራን ለቆ ሽሬ መጠለያ ውስጥ ያለ ሰው ድምፁ የት ይቆጠራል? ቀድሞ ከወልቃይት ተገፍቼ ጎንደር ከተማ አርጅቻለሁ የሚለውስ? የፌዴራል መንግሥቱ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈናቃዮች ተመልሰው፣ የአካባቢ አስተዳደር ተዋቅሮ፣ ከዚያ ሕዝበ ውሳኔ ይካሄድ የሚል መንገድ አቅርቧል። በወረቀት ያምራል፤ ተመላሹን ማን ይጠብቀዋል የሚለው ግን ቀድሞ መመለስ ያለበት ነው።

ከፕሪቶሪያ አሥር ቀን በኋላ፣ ኅዳር 3 ቀን፣ ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ናይሮቢ ላይ ሌላ ሰነድ ፈረሙ። በእሱ መሠረት የሕወሓት ከባድ መሣሪያ ርክክብ የሚሄደው የውጭ ኃይሎችና ከመከላከያ ውጭ ያሉ ኃይሎች ከክልሉ ከመውጣታቸው ጋር ጎን ለጎን ነው። «ከመከላከያ ውጭ» የተባለው ማንን እንደሚመለከት በጎንደር መጠየቅ አላስፈለገም። የአማራ ክልል ግን በሁለቱም ጠረጴዛዎች ላይ የራሱ ወንበር አልነበረውም። በሌለበት ድርድር ስለ ትጥቁ ተወሰነ የሚለው ቅሬታ ተጠንስሶ የተቀመጠው ያን ጊዜ ነው።

መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. መንግሥት የየክልሉን ልዩ ኃይል መበተኑን ሲያሳውቅ ቅሬታው ገነፈለ። ጎንደርን ጨምሮ በብዙ ከተሞች መንገድ ተዘጋ፤ ከልዩ ኃይሉ ጥቂት የማይባሉ አባላት መሣሪያቸውን ይዘው ፋኖ ወደሚባሉት የአማራ ታጣቂዎች ገቡ። በሐምሌ መጨረሻ ውጊያው ጎንደር ከተማ ውስጥ ደረሰ፣ አዘዞ ያለው አየር ማረፊያ በረራ አቋረጠ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ጊዜው ሲያበቃ ውጊያው አላበቃም።

ክርክሩ ዛሬ የሚዞረው በትጥቅ ቅደም ተከተል ላይ ነው። መንግሥት መሣሪያ ይውረድና እንነጋገር ይላል፤ በሕጋዊ መንግሥት አንድ ሠራዊት ብቻ ይኖራል የሚለው መከራከሪያው በራሱ ጠንካራ ነው። የፋኖ ወገን ደግሞ ትጥቅ የፈታ ተደራዳሪ ማረጋገጫ የለውም ይላል። ጠመንጃ በሰሜን ጎንደር ደጋ ተራ ዕቃ አይደለም። ከደባርቅ አጠገብ ባለው የወልክፊት በር የተመሸገው የጣሊያን ጦር በአርበኞች ተከቦ መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ የከበቡት ሰዎች ልጅ ልጆች ናቸው የዛሬዎቹ ገበሬዎች። ይሁንና ያ ትዝታ ዛሬ ጫካ ያለው ሁሉ የሚያደርገውን አያጸድቅም። በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ሰው አግቶ ገንዘብ የሚጠይቀው፣ ለየትኛውም ስም ቢታጠቅ፣ ያው አጋች ነው። የድሮን ጥቃትም ገበያተኛ ሲመታ ሕግ ማስከበር ሊባል አይችልም።

ሌላው ጥያቄ ከማን ጋር የሚለው ነው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ የተነሡት አደረጃጀቶች ዘመነ ካሴንና እስክንድር ነጋን የመሰሉ የተለያዩ መሪዎች የነበሯቸው ናቸው፤ አንዱ የፈረመውን ሌላው ሊጥለው ይችላል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተቋቋመው የአማራ ክልል የሰላም ካውንስል ሁለቱንም ወገን ለማቀራረብ ቢነሣም፣ ካውንስሉ ጥሪ ብቻ እንጂ የማስፈጸም አቅም አልነበረውም።

ትጥቅ ማስቀደም ወይስ ዋስትና የሚለው እንቆቅልሽ የዚህ አገር ብቻ አይደለም። በጋዛም የእስራኤልና የሐማስ ተኩስ አቁም ደጋግሞ የተደናቀፈው በዚሁ ነው፤ ታጋች መለዋወጥ ላይ ይስማማሉ፣ ሐማስ ትጥቅ ይፍታ ሲባል ነገሩ ይቆማል። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ጋዛ ተሻግሮ ከአሥር ዓመት በላይ የተያዘው ኢትዮጵያ የተወለደው አቬራ መንግሥቱ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. የተለቀቀው በዚያው ዓመት የተኩስ አቁም ስምምነት የመጀመሪያ ምዕራፍ ነበር። ለጎንደር ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ ወደ እስራኤል ለመሄድ ለዓመታት ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦች በከተማዋ አሉ፣ በዚያ ሠራዊት የሚያገለግሉ ዘመዶችም አሏቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ የአልጀርሱ ስምምነት አለ፦ ኢትዮጵያና ኤርትራ ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ፈርመው፣ የድንበር ኮሚሽኑም በ1994 ዓ.ም. ባድመን ለኤርትራ ሲወስን፣ መሬት ላይ ሳይፈጸም ለዓመታት ቆየ።

ከፕሪቶሪያ ሰነድ ሊኮረጅ የሚገባው ክፍል አንቀጽ 11 ነው፤ የአፍሪካ ኅብረት የክትትልና የማረጋገጥ ቡድን እንዲኖር ያዛል፣ ቡድኑም ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. መቐለ ላይ ሥራ ጀመረ። ከፋኖ ጋር የሚደረግ ማንኛውም ስምምነት ተመሳሳይ ዓይን ያስፈልገዋል፤ ቡድኑም ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ ደባርቅ ላይ፣ አዲ አርቃይ ላይና ሑመራ ላይ ይቀመጥ። ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ በታች ያለውን መንገድ ማን እንደዘጋው፣ የእህል መኪና ማን እንዳስቆመ፣ ተመላሽ ተፈናቃይ ቤቱ ውስጥ ማን እንደጠበቀው በየሳምንቱ ለሁለቱም ወገን በጽሑፍ የሚያሳውቅ አካል ሲኖር ነው ስለ ትጥቅ የሚደረገው ክርክር ከመሐላ ወጥቶ ወደ ማስረጃ የሚሄደው።