ለቤታችን ትልቅ ውሻ ይሻላል ወይስ ትንሽ?

በጌዴኦ ገጠር ውሻ የሚያዝበት ምክንያት የታወቀ ነው። ሌሊት ከርከሮና ጃርት እንሰቱን ያበላሻሉ፤ ቡናው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ በሚደርቅበት ወራት ደግሞ ሌባ ያሠጋል። ስለዚህ አባወራው ትልቅ ውሻ ይመኛል። ልጆች ግን ትንሿን፣ ጠጉራሟን ይወዳሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሉሉ የተባለ በእቅፍ የሚያዝ ትንሽ ውሻ ነበራቸው፤ ነገር ግን ቤተ መንግሥት እንሰት የሚቆፍር ከርከሮ አይመጣበትም።

ከውጭ አገር ዘሮች መካከል ግሬት ዴን የሚባለው ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቺዋዋ የሚባለው ግን ከ3 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ግዙፉ ብዙ ይበላል፤ ዕድሜውም አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት አይዘልም። ትንሹ እስከ 15 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ከርከሮ ግን አያባርርም። በእኛ አስተያየት አገሩን የለመደውና ከቤት የተረፈውን በልቶ የሚያድረው መካከለኛው ያገር ውሻ ለገጠር ቤት ይበልጣል።

ከዚህ ይልቅ እናቶች ሆይ፣ የበለጠ ልታስቡበት የሚገባው ነገር በሽታው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ትልቅና ትንሽ አይመርጥም። የትልቅ ውሻ አፍ ከሦስት ዓመት ልጅ ፊት ጋራ እኩል ነው፤ ንክሻውም ፊትና አንገት ላይ ያርፋል። ቁስሉ ወደ አንጎል በቀረበ መጠን በሽታው ፈጥኖ ይደርሳል። ትንሹስ? «ቡችላ እኮ ነው፣ ጫር ነው ያደረገው» እየተባለ ይታለፋል። ይህ ነው ሰው የሚያስጨርሰው! በሽታው አንዴ ምልክቱን ካሳየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ልጅ የተነከሰ እንደ ሆነ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ቡና፣ አመድ ወይም ቅጠል አትነስንሱበት። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የአገር መድኃኒት ልሞክር እያላችሁ ቀን አታሳልፉ። ክትባቱ የሚሰጠው በተለያዩ ቀናት ስለ ሆነ፣ ልጁ ደህና መሰለ ብላችሁ በመካከል አታቋርጡ። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ክትባቱን የሰጠው፣ ውሻ የነከሰው የ9 ዓመት ልጅ ድኗል። የነከሰውን ውሻ ቶሎ አትግደሉት፤ የሚቻል ከሆነ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ለሐጩን የሚያዝረበርብ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ ከሆነ ግን ማንም አይጠጋው።

ሁለተኛው ጉዳት የሆድ ትል ነው። በዚህ ነገር ትንሹ ውሻ ይብሳል፤ ከልጆች ጋራ ስለሚተኛ፣ በእቅፍ ስለሚያዝ። በውሻ አንጀት ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ ትል እንቁላሏ ከዓይነ ምድሩ ጋራ ይወጣና በጠጉሩ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ በልጅ እጅ ወደ አፍ ይገባል፤ በጉበትና በሳንባም ውሃ የቋጠረ እባጭ ያወጣል፤ እባጩም በዝግታ ብዙ ዓመት ያድጋል። ውሻው ትሉን የሚያገኘው ከምን ነው? በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረውን ጉበትና ሳንባ ስለምንወረውርለት ነው። ያንን አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት።

የጌዴኦ መሬት ተዳፋት ስለ ሆነ ዝናብ የግቢውን ቆሻሻ ወደ ምንጩ ይጠርጋል። ስለዚህ የውሻው ዓይነ ምድር በየቀኑ ይቀበር። በጓሮ የበቀለው ጎመን ከመቀቀሉ በፊት በደንብ ይታጠብ፤ ልጆችም ቆጮ ከመቁረሳቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ውሻው የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ማደሪያውም ከደጅ ይሁን።

ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዳችሁ የእብደት መከላከያ አስከትቡት፤ በየዓመቱም ይደገምለት። የትል መድኃኒቱንም በዚያው ጠይቁ። የክትባት ወረቀቱን ከልጆች የክትባት ካርድ ጋራ አስቀምጡት።