ሐይቁ ቅርብ ነው፣ አውቶቡሱ የለም

በኮሎራዶ፣ ከኦሮራው ኮልፋክስ ጎዳና ወደ ሰሜን ሁለት ማይል ሳይሞላ ብላፍ ሌክ የሚባል 123 ኤከር የተፈጥሮ ስፍራ አለ። የስቴፕልተን አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ላይ ሳለ አውሮፕላን ቢወድቅ ጉዳት እንዳይበዛ ተብሎ ሰው እንዳይገባበት የተከለከለ መሬት ስለነበር ወፉም ዛፉም ተርፎ ቆየ። ማረፊያው በ1995 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ዛሬ ቦታው የተማሪዎች የመስክ መማሪያ ነው። ኦሪጅናል ኦሮራ ለሚባለው ሰፈራችን ትምህርት ቤቶች የደጅ ያህል ነው። ግን መቅረብና መድረስ ለየቅል ናቸው።

ከክፍል ውጪ መማር እንደሚጠቅም ማስረጃው በርክቷል። በ2018 የታተመ የኢሊኖይ ጥናት የ3ኛ ክፍል ልጆች ደጅ ተምረው ሲመለሱ ቀጣዩን ትምህርት በተሻለ ትኩረት እንደሚከታተሉ አሳይቷል፤ መምህሩ ለተግሣጽ ሳያቋርጥ የሚያስተምርበት ጊዜ በእጥፍ ገደማ ረዝሟል። «ሜዳ ካዩ በኋላ ማን ይይዛቸዋል?» ለሚሉ ጥሩ መልስ ነው። በቻይና ጓንግዡ ደግሞ የ1ኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ደጅ እንዲቆዩ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከእነሱ መካከል ሩቅ የማየት ችግር የያዛቸው 30 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ እንደወትሮው ከተማሩት ግን 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው የቋንቋውን ጥቅም ነው። እንግሊዝኛ ገና ያልገባው ልጅ የዛፍ ቅርፊት እየዳበሰ የሰማውን ቃል በቀላሉ አይረሳውም።

ጥቅሙ ይህ ከሆነ፣ ልጆቹ ወደ ደጅ እንዳይደርሱ ያገዳቸው እንቅፋት የት እንደተፈጠረ ለማየት ወደ 1992 መመለስ ይረዳል። በዚያ ዓመት ኮንግረስ ከኦሮራ በስተሰሜን ምዕራብ ያለውን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኬሚካል መሣሪያ ይመረትበት የነበረውን ሮኪ ማውንቴን አርሰናልን የዱር አራዊት መጠለያ እንዲሆን ወሰነ። ዛሬ 15,000 ኤከር በሚሆነው መሬት ላይ የአሜሪካ ጎሽ ይግጣል፣ መግቢያውም ነጻ ነው። በዚያው ኅዳር የኮሎራዶ መራጮች የሎተሪ ገቢ ለፓርክና ለክፍት መሬት እንዲውል ፈቀዱ። በዚያኑ ቀን ግን ታቦር የተባለውን ሕግም አጸደቁ፤ መንግሥት መራጩን ሳያስፈቅድ ግብር እንዳይጨምር ተከለከለ። መሬቱ ተገኘ፤ ልጆቹን ወደ መሬቱ የሚያደርሰው ኪስ ጠበበ።

የኪሱ መጥበብ ጎልቶ የሚታየው አውቶቡስ ላይ ነው። ጠዋት ልጆች ያደረሰው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ሊመልሳቸው ስለሚገባ፣ ለጉዞ የሚተርፈው መካከሉ ብቻ ነው። ሾፌር ሲጎድል ቀድሞ የሚሰረዘውም ጉዞው ነው። ከ2015 ጀምሮ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ፌደራል ፓርኮች በነጻ የሚያስገባ ፈቃድ ያገኛሉ፤ ፈቃዱ የነዳጁን ወጪ ግን አይሸፍንም።

ጄፈርሰን ካውንቲ የ6ኛ ክፍል ተማሪዎቹን ለሳምንት ያህል ተራራ ላይ ያስተምራል፤ ደንቨርም በጄምስታውን አቅራቢያ ባላራት የሚባል የራሱ ማዕከል አለው። ሁለቱም የሚያስቀኑ ናቸው። ለብዙ የእኛ ቤተሰቦች ግን ልጅን ውጪ ማሳደር ከባድ ነው። የፈቃድ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ እናት ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ታገኘዋለች፤ ልጇ ከማን ጋር ታድራለች፣ በጾም ምን ትበላለች፣ ወፍራም ጃኬትና ቦት ከየት ይመጣል የሚለውን የሚመልስላት የለም። ወረቀቱ ሳይፈረም ሲመለስ «ወላጆቹ ፍላጎት የላቸውም» ይባላል። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም።

ስለዚህ ከዓመት አንዴ ተራራ በፊት፣ በየወሩ ብላፍ ሌክ ይቅደም እላለሁ። ለትልልቆቹ ተማሪዎች በእግርም ይሞከራል፤ የሚያስፈልገው መንገድ የሚያሻግር ተጨማሪ ጎልማሳ ነው። ለዚህ ደግሞ ከገጠር የመጡ፣ ዘሩንም አረሙንም ወፉንም ለይተው የሚያውቁ አያቶች በየቤቱ ተቀምጠዋል። ኮሎራዶ በ2021 ባወጣችው ሕግ ከተፈጥሮ የራቁ ወጣቶችን ደጅ ለሚያወጡ ሥራዎች ገንዘብ ትሰጣለች። በሰፈራችን ስም የሚያመለክት ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት ካለ፣ ማመልከቻው ውስጥ የአውቶቡሱን ኪራይ፣ ጃኬቱንና በአማርኛ የተጻፈ የፈቃድ ወረቀት እንዲያስገባ ወላጆች በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ ይጠይቁ።