የሐሞት ከረጢት ፖሊፕ፦ ቀዶ ጥገና ወይስ ክትትል?

አዲስ አበባ ውስጥ ከመገናኛ እስከ ገርጂ፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሲኤምሲ ክሊኒኩና የምርመራ ማዕከሉ ብዙ ነው። "ጨጓራዬን ነው" ብሎ የገባ ሰው የሆድ አልትራሳውንድ ይታዘዝለታል፤ አንዳንዱም ያላሰበውን፣ "የሐሞት ከረጢት ፖሊፕ" የሚል ውጤት ይዞ ይወጣል። ቤት ሳይደርስ ካንሰር ይሆን እንዴ እያለ መጨነቅ ይጀምራል።

ፖሊፕ ከከረጢቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ብቅ ያለ እባጭ ነው። በአውሮፓ ከ100 አዋቂዎች 5 ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል። አብዛኛው ግድግዳው ላይ የተጠራቀመ ኮሌስትሮል ስለሆነ ወደ ካንሰር አይለወጥም። ጥቂቱ ግን እውነተኛ ዕጢ ነው፤ ጭንቀቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ጥቂት ነው።

ምርመራው ቀላል ይመስላል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ታካሚው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ምንም ሳይቀምስ መምጣት አለበት። ጠዋት ወተት ወይም ቅቤ የነካው ምግብ የቀመሰ ሰው ከረጢቱ ተኮማትሮ ይገኛልና ግድግዳው በደንብ አይታይም። (እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህ አይከብድም።) ባለሙያው መጀመሪያ በጀርባ አስተኝቶ "አየር ሳብ፣ ያዝ" ይላል፤ ቀጥሎ በግራ ጎን ያዞረዋል። ጠጠር ከሆነ አብሮ ይንከባለላል፤ ከኋላውም ጥቁር ጥላ ይጥላል። ፖሊፕ ካለበት አይነቃነቅም፤ ጥላም የለውም። በጎን ሳያዞሩ ፖሊፕ ብሎ መጻፍ ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው፤ የረጋ የሐሞት ዝቃጭም ፖሊፕ መስሎ ሊታይ ይችላልና።

ዋናው ጉዳይ መጠኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታደሰው የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነው፣ ታካሚው ቀዶ ጥገና የሚችል ከሆነ፣ ከረጢቱ እንዲወጣ ይመክራል። ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ለሆነው ሌላ ሥጋት መኖሩ ይታያል፦ ዕድሜ ከ60 በላይ መሆን፣ የፖሊፑ መሠረት ሰፊ መሆን፣ የእስያ ዝርያ። ሥጋት ከሌለ በስድስት ወር፣ በአንድና በሁለት ዓመት ይታያል፤ ካላደገ ክትትሉ ያበቃል። 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ሆኖ ሥጋት ከሌለው ክትትልም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ መመሪያ እስከ አምስት ዓመት ያስከትል ነበር፤ ማሳጠሩ ለታካሚው ኪስም ለአእምሮውም እፎይታ ነው።

በእስያ ዝርያ ላይ የተጻፈው ሥጋት ገርጂ ላይ የተለየ ትርጉም አለው። በዚያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተውንና ሕዝቡ "ኮሪያ ሆስፒታል" የሚለውን ተቋም የመሠረቱት ኮሪያውያን ናቸው። በአገራቸው የጤና ምርመራ ልማድ ስለሆነ እንዲህ ያለ ፖሊፕ በየጊዜው ይገኛል። ለኮሪያዊውና ለኢትዮጵያዊው ታካሚ ተመሳሳይ 7 ሚሊ ሜትር አንድ ዓይነት ውሳኔ ላያስከትል ይችላል ማለት ነው።

ሌላው ችግር ልኬቱ ራሱ ነው። መስከረም ላይ ቦሌ 7 ሚሊ ሜትር የተባለው፣ ጥር ላይ ሲኤምሲ በሌላ ማሽንና በሌላ እጅ 9 ቢባል አድጓል ማለት ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአሜሪካ ራዲዮሎጂስቶች ስምምነት ፈጣን እድገት የሚለው በአንድ ዓመት ውስጥ 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ መጨመርን ነው። ስለዚህ ታካሚው በተቻለ መጠን አንድ ቦታ ቢታይ፣ የቀድሞ ወረቀቱንና ምስሉንም ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል። "ትንሽ ፖሊፕ" ብቻ ተብሎ በሚሊ ሜትር ያልተለካ ውጤት ከተሰጠውም፣ ልኬቱ እንዲጻፍለት መጠየቅ መብቱ ነው።