የስም ሥርዓትና የተረሱት የአርሲ ጀግኖች

በአገራችን ልማድ ልጅ በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባቱና የአያቱ ስም ይከተለዋል እንጂ ቋሚ የቤተ ሰብ ስም የለውም። የአሰላው ተወላጅ ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በውጭ አገር ጋዜጦች «ገብረ ሥላሴ» በተባሉ ቁጥር የሚጠራው የአባታቸው ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ሥርዓት የጀግናን ስም እስከ ስንት ትውልድ እንደሚያደርስ ነው።

የጀግናው ስም በልጁ መዝገብ ሁለተኛ፥ በልጅ ልጁ ሦስተኛ ሆኖ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ከወረቀት ይወጣል። የፈረስ ስምም፥ እንደ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ያለው፥ ለልጅ አይተላለፍም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በልማዱ ጸና።

በአርሲ ደጋ ይህን ጉድለት የሚሞላው የዘር ቆጠራ ነው። አርሲ ሲኮና መንዶ ተብሎ በሁለት ይከፈላል፤ ከዚያም በየጎሳው ይወርዳል። ሽማግሌዎች አባቶቻቸውን ወደ ላይ እየቆጠሩ ለልጆች በቃል ያስተምራሉ። ይህም ለጌጥ አይደለም፤ ጋብቻ የሚከለከለውም የጉማ ካሣ የሚዋጣውም በጎሳ ስለ ሆነ ነው።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. የሸዋ ጦር በምኒልክና በራስ ዳርጌ እየተመራ ሲዘምት፥ አርሲዎች ጦርና ፈረስ ይዘው ከጠመንጃ ጋር ለዓመታት ተዋጉ፤ በአዙሌም ብዙ ሰው አለቀ። ድል አድራጊዎቹ ዜና መዋዕል የሚጽፍላቸው ነበራቸው። ከአርሲ መሪዎች ግን እንደ ሌንጂሶ ዲጋና ሮባ ቡታ ያሉ ጥቂቶች ብቻ በታሪክ መጻሕፍት ተጠቅሰዋል። የሌሎቹን ስም የምንፈልገው በቆጠራው ነው።

ይሁን እንጂ ቆጠራውም የራሱ ጉድለት አለው። ከአባት ወደ አባት ስለሚሄድ፥ ወንድ ልጅ ሳይወልድ በጦር ሜዳ የወደቀውን ወጣት ያልፈዋል፤ ሴቶችንም አያነሣም። ስለዚህ ለአገሩ ወይም ለወገኑ ቀድሞ የሞተው ቀድሞ ይረሳል ማለት ነው።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ የአያቶቻችንን ቆጠራ መጻፍ ብቻ አይበቃም። በእያንዳንዱ ስም ላይ ቆም ብለን «ወንድሞቹስ ማን ይባሉ ነበር? እኅቶቹስ?» ብለን ሽማግሌዎቹን እንጠይቅ። የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቀ፥ በኋላ የሚጠየቅ አይገኝም።