ናሙና የምናይበት የመኪና መብራት

ዛሬ ስለ መኪና አምፖል ነው፤ ግን ኪስ ይነካል። አመሻሽ ላይ መኪና ውስጥ ናሙና መዳፋችን ላይ ዘርግተን የምናይ ብዙ ነን። የጣሪያው መብራት ደከመ ብለን ደማቅ ኤልኢዲ ስንጠይቅ ሻጩ ቶሎ የሚያነሳልን 6000 ኬልቪኑን ነው። ይደምቃል፣ ግን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጥሩ የታጠበ ቡና መልኩ ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴ ነው፤ የቆየው ወደ ቢጫ ይገረጣል። እንግዲህ አስቡት፣ አምፖሉ ራሱ ለአሮጌው ቡና ያደላል ማለት ነው! እኔ የምመርጠው ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን ያለውን፣ ሲአርአይ (የቀለም ታማኝነቱ ከ100) 90 እና በላይ የተጻፈበትን ነው።

ስትገዙ አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ርዝመቱ ይለያያል፣ 31፣ 36፣ 41 ሚሊሜትር አለ። የቤት መኪና 12 ቮልት፣ ከባድ መኪና በአብዛኛው 24 ነው፤ የ12ቱን 24 ላይ ብታስገቡት ይቃጠላል። ካልበራ ቶሎ አትጣሉት፣ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ስለሚለይ ገልብጣችሁ ሞክሩት።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውም ሁሌ አይታመንም። ቀን ፀሐይ ላይ ያያችሁትን ያንኑ ናሙና ማታ መብራቱ ሥር ድገሙት። መልኩ ከተለየባችሁ በዚያ መብራት ዋጋ አትቁረጡ፣ ይደር።