ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

የዕረፍት ደወል ሲደወል መጀመሪያ የሚሰማው የልጆች ጫጫታ ነው። ቀጥሎ ከጣሪያው ጥግ የታሰረው ድምፅ ማጉያ ሲጢጥ ብሎ ያፏጫል። ከዚያ አንድ ገና እየጎረነነ ያለ ድምፅ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ማይክ ቴስት» ይልና የሚኒ ሚዲያው ፕሮግራም ይጀመራል። የዕለቱ አባባል፣ የጠፋ ደብተር ማስታወቂያ፣ አንድ ቀልድ፣ ለአሥረኛ «ሐ» ተማሪዎች የተመረጠ ዘፈን። ሳምቡሳው ተበልቶ ሳያልቅ ደወሉ እንደገና ይደወላል።

እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ማይክ የሚይዘውን ልጅ የማያውቅ አልነበረም። የክፍሉን ቁልፍ የሚይዘውን ልጅ ግን ከክበቡ አባላት በቀር ማንም አያውቀውም። ዝምተኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ ከመጨረሻው ወንበር አይነሣም። ቁልፉን በጫማ ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣና በሩን ከፍቶ የአምፕሊፋየሩን ገመድ ይሰካል። ገመዱ ስላረጀ እሱ በሚያውቀው አኳኋን ጠምዘዝ ካላደረጉት ድምፅ አይሰጥም ነበር።

አንድ ሰኞ ልጁ ቀረ። የክፍል አለቃችን የቀሪ ምልክት አደረገበት፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። በዕረፍት ሰዓት ግን የሚኒ ሚዲያው በር እንደተቆለፈ ነው፤ ግቢው ጭር አለ። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ዕለት ሁለት የክበቡ አባላት ሰፈሩን ጠያይቀው ቁልፉን ሊያመጡ ሄዱ። ልጁን ያገኙት እናቱ አልጋ ላይ ወድቃ እሷን ሲያስታምም ነው። ቁልፍ ፍለጋ ሄደው ሰው አገኙ።

ስለ ተማሪዎች ኑሮና ደኅንነት ሲነሣ ይህ ታሪክ ትዝ የሚለኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ በሁለት መዝገብ ነበረ፤ አንደኛው መቅረቱን ጻፈ፣ ሁለተኛው መቅረቱን ጠየቀ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከምን እንደሚመጣ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

ከስሌቱ እንጀምር። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው። በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን ክፍሉ ከዚያ በላይ ይጨናነቃል፤ ስለዚህ በ60 እናስላው። አንድ የፊዚክስ መምህር አምስት ክፍል ቢያስተምር 300 ልጅ እፊቱ ይቀመጣል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ስም መጥሪያው፣ ሰሌዳ ማጥፊያውና የቤት ሥራ ማያው ሲቀነስ ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። መምህሩ ሰቃዮቹን በስም ያውቃቸዋል፣ ረባሾቹንም እንዲሁ። መሐል ላይ ያለው፣ የማይረብሸውም የማይሰቅለውም ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ «አንተ፣ ከኋላ ያለኸው» እንደተባለ ያልፋል። ይህ የመምህሩ ክፋት አይደለም፤ ቁጥሩ ራሱ የሚያመጣው ነው።

ክበብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዐሥራ አምስት፣ ሃያ ልጅ የሚሰበሰብበት፣ የዘጠነኛው ከዐሥራ ሁለተኛው ጋር የሚቀላቀልበት፣ ማርክ የማይሰጥበት ቦታ በግቢው ውስጥ ሌላ የለም። በወረቀት ላይ ከሆነ ክበብ ሞልቷል። መስከረም ላይ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ሉክ ወረቀት ያዞራል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን ከአንዱ ሥር ያሰፍራል፦ ፀረ ኤድስ፣ ቀይ መስቀል፣ የሴቶች፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የሥነ ምግባር፣ የሥነ ጽሑፍ፣ ሚኒ ሚዲያ። ዕቅዱ ተተይቦ የዩኒት ሊደሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰኔ ላይ ሪፖርት ይጻፋል። በመስከረምና በሰኔ መካከል ግን ብዙው ክበብ አንድ ጊዜ ሰልፍ ላይ አጭር ድራማ አሳይቶ የሚጠፋ ነው።

የሚጠፋውንና የሚቆየውን ክበብ የሚለያቸው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ በጀት ይባላል። በጀት ይረዳል፤ ነገር ግን የሚኒ ሚዲያችን አምፕሊፋየር ያረጀ ነበር፣ ክበቡ ግን ሕያው ነበር። እኔ እንደማየው ልዩነቱ ሌላ ነው። አንዳንድ ክበብ መልእክት ብቻ ይሸከማል፤ አንዳንዱ ሥራ ይሸከማል። መልእክት የሚሸከመው ክበብ ዓላማው ስለ አንድ ነገር ሌሎችን ማስተማር ነው። መልእክቱ ከተነገረ በኋላ አባሉ ቢመጣ ባይመጣ ለውጥ የለውም፤ ፖስተሩ ተለጥፏል። ሥራ የሚሸከመው ክበብ ግን ነገ የሚጠብቀው ነገር አለ። ችግኙ ውኃ ይፈልጋል፣ በሩ መከፈት አለበት፣ የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መደርደር አለበት። ሥራው ልጁን ይጠራዋል። ልጁ ሲቀር ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ሲቆም ሰው ይጠይቃል።

በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ አገሪቱን ሲያስጨንቅ በየትምህርት ቤቱ የበቀሉት ፀረ ኤድስ ክበባት ሁለቱንም ዓይነት ያሳዩ ነበር። አንዳንዱ ጋ መፈክሩ ተደጋግሞ ተማሪው ገና ሲጀመር ጆሮውን ይደፍን ነበር። ሌላው ጋ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ድራማ ጽፈው፣ ሚና ተከፋፍለው፣ ከትምህርት በኋላ ለሳምንታት ይለማመዱ ነበር። ድራማው ስለ በሽታው ያስተማረው ነገር አለ። ልምምዱ ግን ሌላም ነገር አደረገ፤ በዚያ ዘመን እናት አባቱን በበሽታው ያጣ፣ ለማንም ያልተናገረ ልጅ፣ ቢያንስ ማታ ማታ የሚጠበቅበት ቦታ ነበረው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ቦታ ለምን ይመናመናል? የመጀመሪያው ምክንያት ሰዓት ነው። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት እኩለ ቀን ላይ የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ በሩ ላይ ቆሟል። ጥበቃው ግቢውን ቶሎ ለማስለቀቅ ይጣደፋል። ክበቡ የት ይቀመጥ? ክፍሎቹ በሙሉ ተይዘዋል፤ ዛፍ ሥር ቢቀመጡም የሚማሩትን ይረብሻሉ። ከሩቅ የሚመጣው ልጅ ታክሲ መያዝ አለበት፣ ሴቷ ልጅ ደግሞ ቤት ደርሳ ማገዝ አለባት። «ከትምህርት ሰዓት ውጭ» የሚባለው ሰዓት ለብዙዎቹ ጭራሽ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ፈተናው ነው። በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶው፣ ከ2015ቱ 3.2 በመቶው፣ ከ2016ቱ 5.4 በመቶው ብቻ ነበሩ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት። እነዚህ ቁጥሮች ሲሰሙ ርእሰ መምህሩም ወላጁም ደነገጠ። መድኃኒቱ ማጠናከሪያ ትምህርት ሆነ፤ ቅዳሜ ገባ፣ የክበብ ሰዓት ተወሰደ። ድንጋጤው ይገባኛል። ልጁ ክፍልፋይ ሳይችል ድራማ ይለማመድ የሚል ወላጅ አይገኝም።

ነገር ግን ፈተናው ራሱ የሚጠይቀውን እንመልከት። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ይሰጥ ጀመረ። የገጠሩ ልጅ ፍራሹን ወይም ብርድ ልብሱን ይዞ፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ ርቆ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ መኝታ ክፍል አድሮ ጠዋት ይፈተናል። እንቅልፍ አጥቶ ያደረ፣ ሆዱን የቆረጠው፣ ጓደኛው ሲያለቅስ ምን እንደሚለው ያላወቀ ልጅ የሒሳብ ቀመሩን ቢያጠናም እጁ ይንቀጠቀጣል። ከሰው ጋር ማደርን፣ መጨቃጨቅና መታረቅን፣ «ፈርቻለሁ» ማለትን የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ በሳምንቱ መርሐ ግብር ላይ የለም። ክበቡ ነበር ያንን የሚያለማምደው። ሰዓቱ ሲወሰድ አብሮ የተወሰደው ይህ ነው።

አሁን ወደ ቁልፉ እንመለስ፤ ምክንያቱም ሰዓት ተገኝቶም ክበቡ የሚሞትበት አንድ መንገድ አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ለሴት ተማሪዎች አንዲት ክፍል ተለይታለች። ውስጧ አልጋ፣ ውኃ፣ ሳሙና፣ መለወጫ ልብስና ሞዴስ ይኖራል። የወር አበባ ሳታስበው የመጣባት ልጅ ቤቷ ሄዳ ቀኑን ከምታባክን እዚያ ገብታ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ ነው። ሐሳቡ ደግ ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ቁልፉ ንብረት ክፍል ከሆነ ልጅቷ መጀመሪያ መምህሩን ማስፈቀድ፣ ከዚያ የንብረት ክፍሉን ሰውዬ መፈለግ፣ ከዚያ ለምን እንደፈለገች መናገር አለባት። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ በሦስት ሰው ፊት ከማለፍ ይልቅ በበሩ ወጥታ ትሄዳለች። ሪፖርቱ ላይ ግን ክፍሏ «ተሟልታ አገልግሎት እየሰጠች ያለች» ተብላ ትጻፋለች። ቁልፉ በየክፍሉ ካሉት የሴቶች ክበብ አባላት ዘንድ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ልጅቷ ጎኗ ወደ ተቀመጠችው ዞር ብላ «ቁልፉን ስጪኝ» ትላለች። አለቀ። በሁለቱ ትምህርት ቤቶች ያለው አልጋ፣ ያለው ሞዴስ አንድ ነው።

የሐሳብ መስጫ ሣጥኑም እንዲሁ ነው። ከአስተዳደር ቢሮው በር አጠገብ የተሰቀለ፣ ምክትል ርእሰ መምህሩ የሚከፍተው ሣጥን አቧራ ይጠጣል፤ ከተገኘበትም የብስኩት ወረቀት ነው። ተማሪው የእጅ ጽሑፉ እንደሚታወቅ ያውቃል። ሣጥኑ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ተዛውሮ፣ ተማሪዎች የመረጧት አንዲት መምህርት ከሁለት ተማሪዎች ጋር ቢከፍቱት፣ የሚገባው ወረቀት ይለያል። መጀመሪያ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ ይጻፋል። ውኃው ሲመጣ ተማሪው ይታዘባል፤ ቀጥሎ ከበድ ያለው ነገር ይመጣል። እምነት እንደ እቁብ ነው፤ የመጀመሪያው ዕጣ በትክክል ካልወጣ ሁለተኛውን ዙር የሚጥል የለም።

ስፖርቱም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት አንድና ሁለቴ የሚመጣው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ያንን አይሞላም። የክፍል ለክፍል ውድድር ግን ግቢውን በሙሉ ያነቃንቃል። ብልህ የስፖርት መምህር ለዐሥራ አንዱ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን ለመስመር ዳኛው፣ ለውጤት መዝጋቢው፣ ማልያ ለሚሰበስበውም ሥራ ያከፋፍላል።

እዚህ ላይ ወሰኑን መናገር ያስፈልጋል። ክበብ ሐኪም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ወጣቶች ከሰባት አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥመዋል። ይህን ወደ 60 ተማሪ ክፍል ብናመጣው ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጅ ማለት ነው። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣችን ልጅ፣ ራሱን ስለ መጉዳት የሚያወራን ልጅ በግጥም ምሽት ማዳን አይቻልም፤ የሠለጠነ አማካሪ፣ የጤና ጣቢያ፣ የወላጅ ድጋፍ ይፈልጋሉ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የጓደኛውን ምሥጢር ብቻውን እንዲሸከም መተውም ግፍ ነው። የክበቡ ድርሻ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ማየት፣ መጠየቅ፣ ከዚያም «ቲቸር፣ እገሌ ደኅና አይደለም» ብሎ መናገር። አማካሪው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀው ልጅ በራሱ እግር እምብዛም አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ሌላ ልጅ ነው።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ሰዓቱ ከመርሐ ግብሩ ውስጥ ይሰጥ፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ለሁለቱም ፈረቃ። ክበቡን የሚይዘው መምህር ድካሙ ከማስተማር ጭነቱ ይቆጠርለት፤ በነፃ የሚሠራ ሰው መስከረም ላይ ይግላል፣ ኅዳር ላይ ይበርዳል። ሪፖርቱ ስንት ክበብ እንዳለ መጠየቁን ትቶ ስንት ልጅ በስሙ የሚጠራ ሥራ እንዳለው ይጠይቅ። አራተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግን ለአስተዳደር ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው፦ ቁልፍ ለልጅ መስጠት።

የሚከብደው ለምን እንደሆነ ከዚያ ሳምንት አውቃለሁ። ሦስት ቀን በሩ ተቆልፎ በመቆየቱ ዩኒት ሊደሩ ተቆጡ። ከእንግዲህ ቁልፉ ቢሮ እንዲቀመጥ፣ የፈለገ ፈርሞ እንዲወስድ አሉ። ከሥርዐት አንጻር ትክክል ነበሩ። የክበቡ ኃላፊ መምህራችን ግን ተከራከሩ። በሦስተኛው ቀን ከገበያ ተመልሰው መጡና አዲስ የተቀረጸ ቁልፍ ለዩኒት ሊደሩ ሰጡ። አሮጌው፣ የጫማ ክር የታሰረበት፣ ልጁ ዘንድ ቀረ።

በሚቀጥለው ሰኞ ልጁ ከደወሉ በፊት መጣ። ገመዱን ጠምዘዝ አድርጎ ሰካው፤ ድምፅ ማጉያው እንደ ወትሮው አፏጨ።