የዱር ቡና ወዴት ይሸሻል? የዝርያዎች ስርጭት ትንበያና የአኃዞቹ ትርጉም

የአየር ንብረት ሲለወጥ የአንድ ዝርያ መኖሪያ ክልል ወዴት እንደሚዞር ለመተንበይ የሚሠራበት ዋነኛ ዘዴ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በቅድሚያ ዝርያው የተገኘባቸው ሥፍራዎች ከመስክ ቅኝትና ከዕፅዋት ቤተ መዘክር ይሰበሰባሉ። ቀጥሎም ሥፍራዎቹ ከሙቀትና ከዝናብ መረጃ ጋር ተገናዝበው ለዝርያው የሚስማማው የአየር ንብረት ወሰን ይሰላል። በመጨረሻ ይኸው ወሰን በመጪው ዘመን የአየር ንብረት ካርታ ላይ ይፈለጋል። ለዚህ ስሌት በስፋት ከሚያገለግሉት ሶፍትዌሮች አንዱ ማክስኤንት ነው።

ዘዴው ለዐረቢካ ቡና ሁለት የማይመሳሰሉ ውጤቶች አስገኝቷል። የለንደኑ የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ተቋምና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት፣ ለዱር ቡና ተስማሚ ከሆኑት ነባር ሥፍራዎች እስከ 2080 ድረስ ቢያንስ 65 በመቶ፣ በከፋው ግምት 99.7 በመቶ ተስማሚነታቸውን ያጣሉ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ ቡና ከሚመረትበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገልጾ፣ እርሻው ወደ አዳዲስ ሥፍራዎች ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ ወይም መልሶ ቢለማ ግን ተስማሚው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል አመልክቷል።

ውጤቶቹ አይጣረሱም፤ የመለሱት ጥያቄ ይለያያል። የመጀመሪያው የመረመረው የዱር ቡና አሁን ያለባቸውን ሥፍራዎች ዕጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሰው እጅ የሚያዛውረውን ሰብል ጭምር ነው። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ሙቀት በ2 ዲግሪ ቢጨምር የቀድሞውን ሙቀት ለማግኘት ከ300 ሜትር በላይ ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ገበሬው ችግኝ ተሸክሞ ይወጣል። የዱር ቡና ፍሬ ግን በአእዋፍና በዝንጀሮዎች የሚጓዝ፣ ችግኙም የዛፍ ጥላ የሚሻ በመሆኑ፣ ከደኑ በላይ ያለው ተዳፋት የእህል ማሳ ከሆነ ጉዞው እዚያው ይቋረጣል።

ስለዚህ በካርታው ላይ «ተስማሚ» ተብሎ የተቀባ ቦታ ዝርያው ይደርስበታል ማለት አይደለም። የእርሻ ቡና ወደ ደጋ ቢወጣም የሚወጣው ለተከላ የተመረጠው ዘር ብቻ ነው፤ በሽታንና ድርቅን ለመቋቋም የሚፈለገው ሰፊ የዘረመል ሀብት በአመዛኙ እንደ ያዩና ሐረና ባሉ ደኖች ውስጥ ይቀራል። የትንበያ ውጤት የሚያነብ ተመራማሪ አኃዙን ከመጥቀሱ በፊት ሞዴሉ ስለ ዝርያው የመጓዝ ዐቅም ምን እንደገመተ ሊመረምር ይገባል፤ ደንን የመጠበቅና እርሻን የማዛወር ውሳኔዎች የሚለያዩት በዚሁ ግምት ነውና።